ጓሳ፣ ወንፈል ወይስ ሰገሌ? የጥናት ርዕስ መምረጥ ለቸገራችሁ የሰሜን ሸዋ ተማሪዎች

የእህቴ ልጅ ደብረ ብርሃን የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ሰሞኑን ማታ ደወለችልኝ። «አክስቴ፣ የጥናት ርዕስ ምረጡ ተብለናል። ወይ ሥነ ምህዳር፣ ወይ ማኅበራዊ ልማድ፣ ወይ የእርስ በርስ ጦርነት ስልት። የቱ ይቀለኛል?»

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም ጥያቄዋ አልለቀቀኝም። እኔም በእሷ ዕድሜ የጠየቅኩት ይህንኑ ነበር። ቀላል የመሰለኝን መረጥኩ፤ የአማዞንን ደን። ከመጽሐፍ ላይ ስምንት ገጽ ገልብጬ አስረከብኩ። መምህራችን አንብበው ሲጨርሱ «ከዚህ ውስጥ አንቺ ያየሽው የቱን ነው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ያደግኩት መንዝ ውስጥ፣ ጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ነው። ስለዚያ ሣር ግን አንድ መስመር አልጻፍኩም። ዛሬም ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የነገርኳትን ለእናንተም ልጽፈው። ሦስቱንም ዘርፍ በተመሳሳይ መለኪያ እናያቸዋለን። የትኛው ይበልጣል የሚለውን ትተን የትኛው ለማን ይሆናል የሚለውን እንፈልግ።

መጀመሪያ መለኪያው

ሰው በግ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ ለምን እንደሚፈልገው ያውቃል። ለእርባታ ነው ወይስ ለዓመት በዓል? ያንን ሳያውቅ የወጣ ሰው ነጋዴው የሰጠውን ይዞ ይመለሳል። ርዕስም እንደዚያው ነው። ዝርዝሩን ከማየታችሁ በፊት መለኪያችሁን ወረቀት ላይ አስፍሩ።

የእኔ የመጀመሪያ መለኪያ ማስረጃው ነው። የት ነው ያለው? መስክ ላይ፣ ሰው አፍ ላይ፣ ወይስ መጽሐፍ ውስጥ? እናንተስ እዚያ መድረስ ትችላላችሁ? ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ማስረጃው እጃችሁ ላይ ካለ ሌላው ጉድለት ይሞላል። ከሌለ ግን ጎበዝ ጸሐፊም ብትሆኑ መገልበጣችሁ አይቀርም።

ሁለተኛው ጊዜ ነው። የክፍል ጥናት ብዙ ጊዜ ከአንድ ሴሚስተር አያልፍም፤ በመሀሉ ፈተና አለ፣ ጾምና በዓል አለ፣ ለገጠር ልጅ ደግሞ አጨዳ አለ። ሦስተኛው ወጪ ነው፤ ትራንስፖርት፣ ፎቶ ኮፒ፣ የሞባይል ዳታ።

አራተኛው ጥያቄው መጥበብ መቻሉ ነው። «የሰሜን ሸዋ ባህል» ርዕስ አይሆንም፤ ለዕድሜ ልክም ይበዛል። «በእኛ ቀበሌ ወንፈል የሚገቡ ሰዎች አጋራቸውን የሚመርጡት በምንድን ነው?» ቢባል ግን በስድስት ሳምንት ይመለሳል።

አምስተኛው ጥንቃቄ ነው። ጥናቱ እናንተን አደጋ ላይ ይጥላል? የምትጠይቁትን ሰው ያሳፍራል ወይ ያሳዝናል? ይህንን ብዙ ተማሪ ይዘለዋል። እናንተ አትዝለሉት።

ሥነ ምህዳር፦ ሩቁ ጓሳና ቅርቡ ባሕር ዛፍ

ሥነ ምህዳር ሲባል የብዙዎቻችን ሐሳብ ወዲያው ወደ ጓሳ ይሄዳል። እውነትም ልብ የሚሰርቅ ቦታ ነው። የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት አለው። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው። ጭላዳ አለ፣ ቀይ ቀበሮ አለ፣ ጅባራ አለ፣ ስሙን የሰጠው ጓሳ ሣርም አለ። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያው ለገሳ ይሆናል።

ለተማሪ ግን ከእንስሳቱ ይልቅ የሚጠቅመው የጥበቃው ታሪክ ነው ብዬ አምናለሁ። ጓሳ ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል አገር በቀል ሥርዓት ይጠበቅ ነበር። የአስቦና የጌራ ወገኖች በየራሳቸው አለቃ እየተመሩ ሣሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ድረስ ይዘጉት ነበር። ማጨድም ማስጋጥም ክልክል ነው። ሣሩ ሲደርስ ተማክረው ይከፍቱታል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሲመጣ ይህ ሥርዓት ፈረሰ። በኋላ ጥበቃው በሌላ መልክ፣ በማኅበረሰብ ኮሚቴ ተመለሰ። የሣሩ ጉዳይ የባዮሎጂ ትምህርት ነው። ማን ዘጋው፣ ማን ከፈተው የሚለው ደግሞ የታሪክና የኅብረተሰብ ነው። አንድ ርዕስ ሁለት የትምህርት ዓይነት ሲነካ ጥሩ ምልክት ነው።

ስለ ቀበሮውም አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ በጣም ስለምወደው። ተመራማሪዎች ጓሳ ላይ ያዩትን እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ቀይ ቀበሮ ጭላዳ መንጋ መሀል ገብቶ አይጥ ሲያድን ከሙከራው 67 ከመቶው ይሳካለታል። ከመንጋው ውጭ ሲሆን ግን የሚሳካለት 25 ከመቶው ብቻ ነው። ጭላዳዎቹ አይጦቹን ስለሚረብሹለት ይሆን ወይስ መንጋው ስለሚከልለው? ጥያቄው ያጓጓል። ግን እንዲህ ያለ ጥናት መንጋ እየተከተሉ ወራት መቀመጥ ይጠይቃል። ተማሪ በአንድ የሽርሽር ቀን አይሠራውም። አንድ ቀን ሄዳችሁ ሦስት ፎቶ አንሥታችሁ «የቀይ ቀበሮ ሥነ ምህዳር» ብትሉ፣ ያው የእኔ አማዞን ነው።

ጓሳ ለመሐል ሜዳና ለአካባቢው ልጆች የተሰጠ ርዕስ ነው። ከደብረ ብርሃን ለሚነሣ ግን በጣርማ በር ታጥፎ ረጅም መንገድ አለው። የመኪናው ወጪ አለ፣ ማደሪያው አለ። የመንገዱን ሰላም መጠየቅም ግድ ነው። ወላጅና መምህር ሳይፈቅዱ ማንም እንዳይሄድ።

እና ደብረ ብርሃን ላለው ልጅ ምን ይቅረብለት? እኔ ባሕር ዛፍ እላለሁ። በየጓሮው፣ በየመንገዱ ዳር አለ። «ባሕር ዛፍ ሥር ሣር አይበቅልም» ሲባል ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ማን ቆጥሮ አየው? አራት ካስማና ገመድ ውሰዱ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር አራት ማዕዘን ሥሩ። ባሕር ዛፍ ሥር 10 ቦታ፣ አጠገቡ ባለ የግጦሽ መሬት ላይ ደግሞ 10 ቦታ ቁጠሩ። ስንት ዓይነት ዕፅ አለ? መሬቱስ ምን ያህሉ ባዶ ነው? ቦታውን በዓይናችሁ አትምረጡ፤ ዓይን ሁልጊዜ ለምለሙን ይመርጣል። ቀጥ ብላችሁ እየሄዳችሁ በየ20 እርምጃው አስቀምጡ።

ስሙን የማታውቁት ተክል ካጋጠማችሁ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ጠይቁ፤ ያውቀዋል። ወቅቱንም አስቡ። መስከረም ላይ ሁሉም አረንጓዴ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሲመታ ሜዳው ሌላ ይሆናል። የቆጠራችሁበትን ቀን ሳትጽፉ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ማኅበራዊ ልማድ፦ ቅርብ ስለሆነ የሚያታልል

ይህን ዘርፍ ብዙ ተማሪ የሚመርጠው «አውቀዋለሁ» ብሎ ነው። ችግሩም ከዚያው ይጀምራል። የምናውቀውን አንጠይቅም። ሪፖርቱ «ሕዝባችን እንግዳ ተቀባይ ነው፣ ይረዳዳል» ተብሎ ያልቃል። እንዲህ ያለው ዓረፍተ ነገር ማስረጃ የለውም፤ ስለ ሌላ አገር ሕዝብም ሊጻፍ ይችላል።

ልማዶቹን በማስረጃቸው ለዩዋቸው። እድር የተጻፈ ደንብ አለው፤ መዝገብ አለው፤ ማን ስንት ከፈለ፣ ማን ለቅሶ ቀረ ተጽፏል። ዳኛውና ጸሐፊው ከፈቀዱላችሁ በወረቀት የተያዘ ማስረጃ አገኛችሁ ማለት ነው። ማኅበርና ሰንበቴ ግን ከእምነት ጋር የተያያዙ ናቸው። ገብቶ ማየቱ ፈቃድና አክብሮት ይጠይቃል። ሠርግ ደስ ይላል፣ ግን እናንተ በፈለጋችሁት ሳምንት አይደገስም። ለቅሶ ቤት ደግሞ ደብተር ይዞ መግባት ነውር ነው። ሰልስቱ፣ አርባው አልፎ ሰው ሲረጋጋ፣ እሱም በፈቃዱ ከሆነ ነው።

እቁብ ሒሳብ ለሚወድ ልጅ ግሩም ነው። 20 ሰው በየሳምንቱ 500 ብር ቢጥል ዕጣው 10,000 ብር ነው። መጀመሪያ የደረሰው በ1ኛው ሳምንት ወሰደ። የመጨረሻው ግን 20 ሳምንት ጠበቀ። በመሀሉ የጤፍ ዋጋ ቢጨምር የሁለቱ 10,000 ብር እኩል ነው? ሰዎቹስ ይህን ያውቃሉ? እያወቁ ለምን ይገባሉ? ሰፈራችሁ ካለ አንድ እቁብ ይህን ጠይቃችሁ ብትጽፉ፣ የኢኮኖሚክስ መምህራችሁም ያነበዋል።

ለእኔ ግን ከሁሉም የሚበልጠው ደቦና ወንፈል ነው። ከተማ ያደጉ ልጆች ሁለቱን አንድ ያደርጓቸዋል። ደቦ የሚጠራ ሰው ምግብና ጠላ አዘጋጅቶ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ያሠራል። የመጣው ሰው «ነገ ለእኔም በዚህ ልክ» ብሎ ቀን አይቆጥርም። ወንፈል ግን ቀን በቀን ነው። አንድ ቀን አርሰህልኛል፣ አንድ ቀን አርስልሃለሁ። ታዲያ በሬ ያለውና በሬ የሌለው እንዴት ወንፈል ይገባሉ? ባሏ የሞተባት ሴትስ? የቀን ሠራተኛ በገንዘብ መቅጠር ሲመጣ የቱ ቀረ? እነዚህን ጥያቄዎች ኢንተርኔት አይመልስላችሁም። የሚመልሱት አያቶቻችሁ ናቸው።

አጠያየቁ ላይ አደራ። «እማማ፣ ባህላችን ምንድን ነው?» ብትሉ የበዓል ንግግር ታገኛላችሁ። «እማማ፣ ያለፈው አጨዳ ላይ ማን ማን መጣ? ምን አበላችኋቸው? ሳይመጣ የቀረ ሰው ነበር? ምን አላችሁት?» ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ልማድ በጠቅላላው ከመጠየቅ ስለ አንድ የተወሰነ ቀን መጠየቅ ይሻላል። ድምፅ ከመቅዳታችሁ በፊት አስፈቅዱ። ስልክን ኪስ ውስጥ ከፍቶ መቅዳት ስርቆት ነው። በጽሑፋችሁም ስማቸውን ካልፈቀዱ አትጻፉ። ዕድሜና ሥራ ይበቃል።

አንኮበር አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ዕድል አላችሁ። ዓልዩ አምባ ደጋውና ቆላው፣ አማራውና አርጎባው የሚገናኙበት ጥንታዊ የገበያ ቦታ ነው። አንድን ልማድ በሁለት ማኅበረሰብ ጎን ለጎን ማየት ለብቻው ሙሉ ጥናት ይሆናል።

የእርስ በርስ ጦርነት ስልት፦ የሩቁና የቅርቡ

በዚህ ዘርፍ ብዙ ተማሪ የሚሄደው ወደ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ይገባኛል። ጽሑፉ ሞልቷል፣ ካርታው ሞልቷል። ስልቱም ለመግለጽ የተመቸ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 ጦርነቱ ሲጀመር ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት አንድ ዕቅድ አቀረቡ። የደቡብን ወደቦች መዝጋት፣ የሚሲሲፒን ወንዝ ይዞ ደቡብን ለሁለት መክፈል። ጋዜጦች አናኮንዳ አሉት፤ አጥብቆ እንደሚገድለው ዘንዶ። ሐምሌ 4 ቀን 1863 ቪክስበርግ ስትወድቅ ሰሜኖቹ ወንዙን ለመቆጣጠር በቁ። በ1864 መጨረሻ የሰሜኑ ጄኔራል ሸርማን ከአትላንታ እስከ ሳቫና የደቡብን ሀብት እያወደመ ተጓዘ። የደቡቡ ጄኔራል ሊ ሚያዝያ 1865 እጃቸውን ሰጡ። እነዚህ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጉዳቱ ግልጽ ነው። ምንጩ በአብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ለመገልበጥም ይገፋፋል። በእግር የምትደርሱበት አንድም ማስረጃ የለም።

ቅርቡ ጦርነት ሰገሌ ነው። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ትልቅ ጦር ይዘው ወደ ሸዋ ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋን ግንባር ቀደም ጦር ደመሰሱ፤ ራስ ልዑል ሰገድም ወደቁ። መንገዱ የተከፈተላቸው ይመስል ነበር። ግን አልገሰገሱም። የሸዋው የጦር ሚኒስትር ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ «ከእርስዎ ጋር ነኝ» የሚል መልእክት እየላኩ አዘናጓቸው። በዚያ መሀል የሸዋ ጦር ከየአቅጣጫው ተሰበሰበ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ሰገሌ ላይ ጦርነቱ ሆነ። ንጉሥ ሚካኤል ተማረኩ። ልጃቸው በጊዜ አልደረሱላቸውም።

ከዚህ አንድ ጠባብ ጥያቄ ይወጣል፦ ከቶራ መስክ እስከ ሰገሌ ያለው ሳምንት ለማን ሠራ? አሜሪካንም ማምጣት ከፈለጋችሁ በዚሁ ጥያቄ አምጡት። እዚያ ሰሜኑ ፋብሪካ፣ ባቡርና ብዙ ሕዝብ ስለነበረው ጦርነቱ በረዘመ ቁጥር ተጠቀመ። እዚህ ደግሞ የጥቂት ቀናት መዘግየት ለሸዋ ጦር መሰብሰቢያ ጊዜ ሰጠው። ሁለቱን በ«ጊዜ» አወዳድራችሁ ብትጽፉ ከመገልበጥ ትድናላችሁ፤ እንዲህ ተወዳድሮ የተጻፈ ገጽ በቀላሉ አታገኙምና።

የሰገሌ ፈተና ምንጭ ነው። ከ100 ዓመት በላይ ስላለፈው ያየ ሰው በሕይወት የለም። ሽማግሌ የሚነግራችሁ ከአባቱ የሰማውን ነው። ያ ጠቃሚ ነው፣ ግን «እንዲህ ይባላል» ተብሎ ይጻፍ። ከቤተ መጻሕፍት ቢያንስ ሁለት የተለያዩ ምንጮች አምጡና አስተያዩ። የዘመን አቆጣጠሩንም ጠብቁ። 1909 በእኛ፣ 1916 በፈረንጆቹ ነው። አንዱን ገጽ በእኛ፣ ሌላውን በእነሱ የጻፈ ተማሪ ሳያውቀው ጦርነቱን ሁለት ጊዜ ያደርገዋል። ጀግናና ከሃዲ በሚሉ ቃላትም አትጀምሩ። በሁለቱም በኩል የወደቁት ያገራችን ሰዎች ናቸው።

የዘመናችንን ግጭት ርዕስ እናድርግ ለምትሉ፣ እባካችሁ ተዉት። ቁስሉ ትኩስ ነው። የምትጠይቁት ሰው ልጁን ያጣ ሊሆን ይችላል። እናንተም መልሱን ይዛችሁ ስትዞሩ ለራሳችሁ አትበጁም።

በአንድ ላይ ሲታይ

| መለኪያ | ጓሳ | ባሕር ዛፍና ግጦሽ | ወንፈል፣ እቁብ፣ እድር | ሰገሌ | የአሜሪካ ጦርነት |
|---|---|---|---|---|---|
| ማስረጃው ያለበት | መስክና ሽማግሌዎች | የሰፈር መስክ | ቤተሰብና ጎረቤት | መጻሕፍት፣ የቃል ታሪክ | መጻሕፍትና ኢንተርኔት |
| ጊዜ | ሙሉ ሴሚስተር | 3–4 ሳምንት | 5–6 ሳምንት | 4–5 ሳምንት | 2–3 ሳምንት |
| ወጪ | ከፍተኛ (ለአካባቢው ልጅ ትንሽ) | ገመድና ደብተር | በጣም ትንሽ | ፎቶ ኮፒ | ዳታ |
| ዋና ፈተና | ርቀት፣ የመንገድ ሰላም | ትዕግሥት፣ የተክል ስም | «አውቀዋለሁ» ማለት | የሚጋጩ ምንጮች | መገልበጥ |
| የራስ ሥራ የመሆን ዕድል | ከፍተኛ | ከፍተኛ | በጣም ከፍተኛ | መካከለኛ | ዝቅተኛ |

ለማን የቱ?

ከገጠር መጥታችሁ ከተማ ቤት ተከራይታችሁ የምትማሩ፣ የእናንተ ዕድል ከሁሉም የተሻለ ነው። ቅዳሜ ስንቅ ልታመጡ ወደ ቤት ትሄዳላችሁ አይደል? ያ መንገድ የጥናት ጉዞ ነው። የትራንስፖርቱ ወጪ ቀድሞም የታሰበ ነው። ወንፈልን ውሰዱ። በየሳምንቱ ሁለት ሰው ብትጠይቁ በአምስት ሳምንት አሥር ሰው ነው።

ኪሳችሁ ባዶ፣ ከተማ ቤተሰብ ጋር የምትኖሩና ከሰው ጋር ማውራት የምታፍሩ ከሆነ ባሕር ዛፉን። ሣር አያሳፍርም። ሒሳብ ከወደዳችሁ እቁብ። ማንበብ የምትወዱና ቤተ መጻሕፍት የምታዘወትሩ ደግሞ ሰገሌን፤ ሁለት ምንጭ ሲጋጭ የምትደሰቱ ዓይነት ከሆናችሁ በተለይ። ቀኑ የደረሰባችሁ፣ ሁለት ሳምንት ብቻ የቀራችሁ፣ የአሜሪካውን ብትወስዱ አልፈርድም። ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ግቡ፣ ለምሳሌ የወደቦቹን መዘጋት፣ በራሳችሁ ቃል ጻፉት።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ተጠያየቁ፦ የማን ቤተሰብ የት ነው? አምስት ልጅ ውስጥ አንዱ የመሐል ሜዳ ልጅ ከሆነ ጓሳ ለሁላችሁም ቅርብ ሆነ። ከትምህርት ቤት የትብብር ደብዳቤ አስጽፉ። እድርም ሆነ ቀበሌ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።

የእህቴ ልጅ ወንፈልን መርጣለች። ሰገሌን ፈልጋ ነበር፤ ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ምንጭ ስታጣ ተወችው። የመጀመሪያ ቃለ መጠይቋ ቅዳሜ ከእናቴ ጋር ነው። ጥያቄዎቿን ልካልኝ አየኋቸው። የመጀመሪያው «አያቴ፣ አባባ ካረፉ በኋላ የመጀመሪያውን ክረምት ማን አረሰልሽ?» ይላል። እኔ ይህን እናቴን ጠይቄያት አላውቅም። ቅዳሜ እኔም እሄዳለሁ።